የማይዞረው ብሎን

ባለቤቴ ይኑር ይሙት ሳላውቅ፣ ጠመንጃው የተሰቀለበትን ግድግዳ አወቅሁ። ነገሩን ከዚህ ብጀምረው ይሻላል። ከሌላ ቦታ ልጀምረው እያልኩ ብዙ ወረቀት አበላሽቻለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ እጄም ቀርፋፋ ነው።

ጊዜው የረሃቡ ጊዜ ነው። ገዳሪፍ አጠገብ በነበረው የስደተኞች ሰፈር፣ ከገለባና ከከረጢት በተሠራች ጎጆ፣ ከትንሿ ልጄና ከባለቤቴ አጎት ጋር እኖር ነበር። ባለትዳር ነኝ እንዳልል ባሌ የለም። ሞቷል እንዳልል ሲሞት ያየ የለም። ጥቁር ብለብስ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ሟርት ይሆናል፤ ነጭ ለብሼ ስሄድ ደግሞ የአገሬ ሴቶች ውኃ ወረፋ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አንዷ አንድ ቀን፣

«አንቺዬ፣ ወይ አልቅሺ ወይ ሳቂ፤ እኛ እንዴት ብለን ሰላም እንበልሽ?» አለችኝ።

ክፋት የላትም። እውነቷን ነው፤ የሐዘንተኛ ሰላምታ ሌላ ነው፣ የደኅና ሰው ሰላምታ ሌላ ነው።

ቤታችን ከመተማ ወዲያ ባለው ቆላ ነበር። ዝናቡ ሲቀር፣ ከብቱም ሲያልቅ፣ ባለቤቴ ውጅግራ ጠመንጃውን አንግቶ ወደ ገላባት ወረደ። ድንበሩን ተሻግሮ ባሱንዳ በኩል ሰሊጥ ሊቆርጥ፣ እህል ይዞ ሊመለስልን ነው። «ሰሊጡ ተቆርጦ ሲያልቅ እመጣለሁ፤ ከቤት እንዳትነቃነቁ» ብሎኝ ሄደ። እኔም እሺ ብዬ ነበር። ግን መስቀል ሳያልፍ ጎተራው ተጠረገ። ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ወጡ። መጨረሻ ላይ የውሻ ድምፅ እንኳ የማይሰማበት መንደር ውስጥ ከአንዲት ልጅና ከአንድ ሽማግሌ ጋር ቀረሁ። እንመለሳለን ብዬ በሩን በገመድ አሠርኩትና ከመጨረሻዎቹ ሰዎች ጋር ወጣን። የመተማው መንገድ በውጊያ ተዘግቷል ተባለ። መሪዎቻችን ወደ ሰሜን አዞሩን፤ በአርማጭሆ ቆላ ቁልቁል ስንጓዝ ከርመን በሐምዳይት ወጣን። ከዚያ ሎሪ ጭኖን ወደ ሰፈሩ አመጣን። ባለቤቴ በአንድ በር ገባ፣ እኛ በሌላ በር ገባን፤ ማን የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም።

የባለቤቴን አጎት አያ እላቸዋለሁ። ከወገናቸው የተረፉት ወንድ እሳቸው ብቻ ነበሩ። መንገድ ላይ እግራቸው አብጦ ነበር፤ ሰፈር ከገባን ወዲህ እብጠቱ ሲጎድል ሰውነታቸውም አብሮ ጎደለ። ጎጆዋ ደጃፍ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይቀመጡና ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነበር።

«ልቅሶውን አስቀምጪኝ። እኔ ቆሜ ላልቅስለት። እኔ ከሄድኩ ለዚያ ልጅ የሚጮህለት ወንድ የለውም።»

«አያ፣ ሞቷል ያለን የለም እኮ።»

«አለ ያለንስ ማን አለ?»

እኔ ግን በባዶ እጅ አላስቀምጥም አልኩ። በእኛ አገር የወንድ ልቅሶ በጠመንጃው ነው የሚቆመው። ሬሳው ቢቀር እንኳ ጠመንጃው ይወጣል፤ አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቆ የቅርብ ዘመድ ይይዘዋል፤ አልቃሿ እሱን እያየች ሙሾ ታወርዳለች። ጠመንጃው ያልወጣለት ወንድ የተለቀሰለት አይመስልም። ደግሞም ወንድ በቁሙ ጠመንጃውን ከእጁ አያወጣም። ስለዚህ ጠመንጃው በሌላ ሰው እጅ ከታየ ባለቤቱ የለም ማለት ነው። ይህን ለእኛ ማንም አያስረዳንም፤ እንዲያው እናውቀዋለን። እኔም ጠመንጃውን እስካላየሁ ድረስ ባሌ አለ ብዬ ቆረጥኩ። ጠመንጃውን ያየሁ ቀን ደግሞ ጥቁር ልለብስ።

ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ እህል የሚነግዱ ጎንደሬ ሐጂ ነበሩ። ብዙ ዘመን ሱዳን የኖሩ ናቸው። ሱቃቸው ጓሮ ማሽላ እነፋላቸዋለሁ፤ የሚንጠባጠበውን ጠርጌ እወስዳለሁ። በዚያ ዓመት ሱዳንም ተርቦ ስለነበር ጥራጊው ራሱ ቅንጦት ነበር። አንድ ቀን ሐጂ ከደንበኛ ጋር ሲያወሩ ሰማሁ። ድንበር ላይ ያሉት የሱዳን አስከሮች የስደተኛውን ክላሽ ሁሉ ይቀማሉ፤ ውጅግራ ሲያዩ ግን ይስቁና፣ «ይህንን ለአያትህ መልስለት» ብለው ያሳልፋሉ። እሱን ደግሞ እዚህ ከተማ አንድ ባለወፍጮ ሽማግሌ ይገዛሉ። አዲስ መሣሪያ አይፈልጉም። የሚፈልጉት አሮጌ፣ የጥንት ወታደር የተወውን ነው፤ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ያዩታል፤ መንግሥትም ፈቅዶላቸዋል።

ወንፊቱን አስቀመጥኩ።

«ሐጂ፣ እዚያ ሰውዬ ዘንድ ይውሰዱኝ።»

«ለምን? ጠመንጃ ልትገዢ?»

«እንደሆነልኝ።»

«አንቺ ወንፊት ይዘሽ እጅሽ የሚንቀጠቀጥ፣ ጠመንጃ ምን ያደርግልሻል? ማንን ልትገይ?»

«ማንንም አልገልም። የባሌ እዚያ እንዳለ ላይ ነው።»

ሐጂ ቀልዳቸውን ተዉ። ትንሽ አዩኝና፣ «ካለስ?» አሉኝ።

«ካለ አለቅሳለሁ።»

«ከሌለስ?»

«ከሌለ ነገ መጥቼ ማሽላዬን እነፋለሁ።»

ወፍጮ ቤቱ ከባቡር ጣቢያው ወዲህ ነው። ሞተሩ ቆሞ ነበር፤ የሚፈጭ እህል ይዞ የሚመጣ ሰው አንሷል። ባለወፍጮው ነጭ ጀላቢያ የለበሱ፣ መነጽራቸውን በክር ያሠሩ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው የወታደር መሣሪያ ጠጋኝ እንደነበሩ ሐጂ መንገድ ላይ ነግረውኛል። እኔን ሲያዩ በአማርኛ፣

«አንተ መሣሪያ አምጥተሃል?» አሉኝ።

«ያ ሼክ፣ ሴት ናት እኮ፤ አንቺ ይበሏት» አሉ ሐጂ።

«እኔ አማርኛ የተማርኩት መተማ ላይ ከአህያ ነጂዎች ነው። እዚያ ሁሉም አንተ ነው፤ አህያውም አንተ ነው» አሉና ሳቁ። ከዚያ ወደ ውስጥ አስገቡን።

ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ ነጭ ጋዝና ዘይት ይሸታል። ጠመንጃዎቹ ግድግዳው ላይ በረድፍ ተኝተዋል። ምንሽር አለ፣ ቤልጅግ አለ፣ ስማቸውን የማላውቃቸው አሉ። ውጅግራዎቹ ከመስኮቱ ሥር ለብቻቸው ነበሩ። ቀረብኩና አንዱን አየሁ፤ ሁለተኛውን አየሁ፤ ሦስተኛውን፤ አራተኛውን። ሁሉም አንድ ናቸው።

የባሌን ጠመንጃ የማውቀው በልብሱ ነበር። የሰደፉ አንገት ተሰንጥቆ ባለቤቴ በእርጥብ የጥጃ ቆዳ ጠቅልሎት ነበር፤ ቆዳው ሲደርቅ እንደ ቀንድ ጠነከረ። ማንገቻውን ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ የሰፋሁት፤ በጅማት ጀምሬ፣ ጅማቱ ሲያልቅብኝ በቀሚሴ ጥለት ቀይ ክር ጨርሼዋለሁ። እነዚህ ላይ ግን ቆዳም ማንገቻም የለም። እንጨቱ ታጥቧል፤ ብረቱ እንደ ማንኪያ ያበራል። ከራሴ በላይ ተሰቅሎ ስንት ዓመት ያደረውን ጠመንጃ መለየት አቃተኝ። አፈርኩ።

ባለወፍጮው ነገሬ አልገባቸውም። ሊገዛ የመጣ፣ መሣሪያ የማይለይ ሰው መስያቸው ማስተማር ጀመሩ። አንዱን አወረዱና በመነጽራቸው ላይ ማጉያ ደርበው አሳዩኝ።

«የአገራችሁ ሰው መሣሪያውን እንደ ሙሽራ ያለብሰዋል። ቆዳ፣ ክር፣ ቅቤ። እኔ ልብሱን አወልቄ ነው ማን እንደሆነ የማውቀው። እይ አንተ፤ እዚህ ቁጥር አለ። ማጉረሻው ላይም ቁጥር አለ። ቁጥሩ አንድ ከሆነ አብረው ተወልደዋል። ከተለያየ ግን አንዱ የእንጀራ ልጅ ነው፤ እኔ አልገዛም።»

ማጉረሻ የሚሉት ጥይት የሚያጎርሰውን፣ ወደ ኋላ የሚሳበውን ብረት ነው። ሐጂ በትዕግሥት ይተረጉሙልኛል፤ እኔ ግን የምሰማው ግማሹን ነው። ልጄን ለአያ ትቼ ነው የመጣሁት፤ ቶሎ መመለስ አለብኝ። ልሂድ ልል ስል ባለወፍጮው መጨረሻ ላይ ያለውን አወረዱ።

«ይሄ ግን ያበሳጨኛል። ቁጥሩ ሁሉ አንድ ነው። በርሜሉ ንጹሕ። እንጨቱ ትንሽ ተሰንጥቋል፤ ግድ የለም። አንድ ነገር ብቻ፤ ይህች ብሎን።» ማጉረሻው ተስቦ ወጥቶ እንዳይወድቅ የሚይዘውን ብሎን በጥፍራቸው ነኩት። «ፋብሪካ የሠራው አይደለም። እውነተኛውን ከካርቱም አዝዣለሁ። ይህን ግን ማውጣት አልቻልኩም። ካቻቢቴው ይገባል፤ አይዞርም። ብታገለው ራሱ ሊቆረጥ ነው።»

ዓይኔን ጨፈንኩ።

ባለቤቴ አንድ ክረምት ጠመንጃውን ወንዝ ዳር ፈትቶ ሲያጥብ ያን ብሎን ውኃ ወሰደበት። ጭቃውን በጣታችን ስናበጥር ውለን ማግኘት አልቻልንም። ከዚያ ማጉረሻውን በገመድ አሥሮት ሰነበተ፤ የአገሩ ሰው መሳቂያ አደረገው። «ያንተ ውጅግራ ሱሪውን በገመድ ታጠቀ ወይ?» ይሉታል። ብረት ቀጥቃጩ ባለእጅ ዘንድ ወሰደው። ባለእጁ የብሎን ጥርስ የሚያወጣበት መሣሪያ የለውም፤ ከተሰበረ ማጭድ እንዲሁ ለስላሳ ችንካር ቀጠቀጠለትና በሰም በተነከረ ክር ጠቅልሎ መታው። ባለቤቴ ግን፣ «ጭንቅላቱ ላይ መስመር አውጣለት፤ ሰው ሲያየው ብሎን ይምሰል» አለው። ጠመንጃው ሲያነክስ የሚታማው ባለቤቱ ነው። ባለእጁ መስመሩን በሞረድ አወጣለት፤ ትንሽ ወደ ጎን ዘመመ። እቤት ሲመጣ ለእኔ አሳየኝ፤ ስንስቅ አመሸን።

«አይዞርም» አልኩ።

«እኔም እሱን ነው የምለው» አሉ ባለወፍጮው።

«ብሎን አይደለም። ሚስማር ስጡኝ።»

ሚስማር ሰጡኝ። ጠመንጃውን ጭኔ ላይ አጋደምኩና ባለቤቴ ሲያጥበው እንደሚያደርገው፣ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ፈልጌ ገፋሁ። ሚስማሩ አንድ ሁለቴ ሳተ። ከዚያ ችንካሩ ብቅ አለ፤ በጥርሴ ይዤ ሳብኩት። ክሩ አሁንም ተጠቅልሎበታል፤ ሰሙ ጠቁሯል። ባለወፍጮው ከእጄ ተቀብለው አገላበጡት፤ ጥርስ የሌለው መሆኑን ሲያዩ በአረብኛ ለራሳቸው አንድ ነገር አሉ። እኔ ግን መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር። ነጠላዬን ከራሴ አወረድኩ። ሐጂ ሊጮህ ያለ ሰው ያውቃሉ፤ ቶሎ ትከሻዬን ያዙ።

«ቆይ እስቲ፤ ሳትጠይቂ አትጩኺ። ያ ሼክ፣ ይህን ማን ሸጠልዎ?»

«ባለቤቱ ነዋ።»

«ባለቤቱ ሞቷል» አልኩ። «ሰው ጠመንጃውን በቁሙ አይሸጥም። ሌባ ነው የሸጠልዎ።»

ባለወፍጮው ሐጂን አዩ፤ ሐጂ ተረጎሙላቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አንድ ነገር አደረጉ፤ አሁን ስጽፈው እንኳ እጄ ይቆማል። ቀኝ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሰደዱና የጆሯቸውን ጫፍ በሁለት ጣት ይዘው ሳብ ሳብ አደረጉ።

«እንዲህ እያደረገ ነው ያወራኝ» አሉ። «ረጅም ሰው። ያስለዋል። ቆዳውን እኔ ነኝ ያነሣሁት፤ ማንገቻውን ግን አልሰጥም አለ። ይህ ከመሣሪያው ጋር አልተወለደም፣ ይህ የቤት ነው አለና ፈትቶ ወገቡ ላይ አሠረው።»

ባሌ ነበር። አፍሮ ሲናገር ጆሮውን ይይዛል። እኔን ስጡኝ ብሎ እናቴን ሲለምንም ይዞት ነበር።

«መቼ ነው?»

«ሰሊጥ ተቆርጦ ሲያልቅ። ገንዘብ አልፈልግም፤ ማሽላና አህያ ስጠኝ አለኝ። ሑርማዬ፣ ሚስቴ ማለቱ ነው፣ እሷና ልጄ እዚያ ናቸው፤ ላመጣቸው ነው አለ።»

ሰሊጡ ተቆርጦ ሲያልቅ እኛ ሐምዳይት ነበርን። እሱ እህል ጭኖ በገላባት በኩል ወደ ባዶ ቤታችን ሲወጣ፣ እኔ ልጄን አዝዬ ወደ እሱ ስሸሽ ነበር። ሁለታችንም ቃላችንን ይዘን ነው የተላለፍነው፤ ይልቅስ እሱ ይዟል፣ እኔ ነኝ ያልቆየሁት። ብቆይ ልጄን እቀብር ነበር። ይህንንም አውቃለሁ። ማወቁ ግን አይረዳም።

ሰፈር ተመልሼ ለአያ ነገርኳቸው።

«ሸጠው? በቁሙ?»

«በቁሙ፣ አያ።»

«የወንድሜ ልጅ አይሸጥም። እሱ ሞቷል፤ ሌላ ነው የሸጠው። ዛሬውኑ ልቅሶውን አስቀምጪ።»

«ጆሮውን እየያዘ ነው ያወራኝ አሉ፣ አያ።»

ዱላቸውን ከጉልበታቸው አነሡና መሬት ላይ አስቀመጡት። ልጄ ከጎናቸው አፈር ትጭር ነበር፤ እሷን እያዩ፣

«በምን ሸጠው?» አሉኝ።

«በማሽላና በአህያ። ለእኛ ሊያመጣ።»

«እንግዲህ» አሉ አያ፣ «ጠመንጃውን ለልጁ ሲል የሸጠ ሰው ምን ይባላል፣ እኔ ስሙን አላውቀውም። በእኛ ጊዜ አልነበረም።» ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ። «በሉ አታልቅሱ። መንገድ ላይ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ያለው ከሁሉ የከፋ ነበር። ባሌ ሞቷል ብንባል ቢያንስ የምናደርገው ነገር ይኖረን ነበር። አሁን በየቀኑ ሎሪዎቹ ከገላባት ሰው ሲያራግፉ ቆሜ አያለሁ። ፊት አላይም፤ የተራበ ሰው ፊት ሁሉ አንድ ነው። ወገብ አያለሁ። ጭነት የታሠረበትን ገመድ አያለሁ። ቀይ ክር የገባበት ማንገቻ ነበር የምፈልገው። አያ ድርሻቸውን ለልጄ እያሳለፉ ራሳቸው እየሟሸሹ ሄዱ። «አያ፣ ትንሽ ይቅመሱ» ስላቸው፣ «ምን እቸኩላለሁ፤ አህያው ሲመጣ እበላለሁ» ይላሉ። ቀልዳቸው ነበር፤ ልጄ ግን እውነት መስሏት በየጠዋቱ ከጎጆዋ ደጃፍ አህያ ትጠብቅ ነበር።

ማንገቻውን ያገኘሁት በአንዲት ሴት ጀርባ ላይ ነው። ሕፃን አዝላበታለች። ሮጬ የሕፃኑን ወገብ የከበበውን ቆዳ ያዝኩ።

«እረ በማርያም! ልጄን ልትነጥቂኝ ነው?» ብላ ጮኸች።

«ልጅሽን አይደለም። ማንገቻውን። እኔ ነኝ የሰፋሁት።» ጅማቱ አልቆ ቀዩ ክር የጀመረበትን ቦታ በጣቴ አሳየኋት። ክሩ ላብ ጠጥቶ ቡና መስሏል፤ ግን የኔ ስፌት ነው፤ እኔ ሁልጊዜ ወደ ግራ አጋድላለሁ።

ሴትዮዋ አየችኝ። ጩኸቷ ቆመ።

«በሩን በገመድ ያሠርሽው አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

ያኔ አወቅሁ። የቀረውን የነገረችኝ ሎሪው ጥላ ሥር ተቀምጠን ነው። እነሱ ከቋራ በኩል ሲወርዱ ጓንግ ወንዝ ዳር ባሌን አግኝተውታል። ቤቱን ባዶ አግኝቶ፣ የበሩን ገመድ ፈትቶ፣ ገብቶ አይቶ፣ እንደገና አሥሮት ወደ ድንበር ሲመለስ ነበር። ወባ ይዞታል። ያገኘውን ሁሉ፣ አንዲት ሴት ከትንሽ ልጅና ከሽማግሌ ጋር አላያችሁም ወይ እያለ ይጠይቃል። ማሽላውን ለልጆቻቸው አካፈለ። በማግሥቱ ፀሐይ ሳትከርር አረፈ። ዛፍ ሥር ቆፍረው፣ ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ ከመሩበት።

«ማንገቻውን ልጄን ላዝልበት ብዬ ወሰድኩት። አፈር ከሚበላው ብዬ ነው፤ አትቀየሚኝ» አለች።

«አልቀየምሽም። አህያውስ?»

«ልጆቹ ተርበው ነበር» አለች ቀና ብላ ሳታየኝ። እኔም አልደገምኩም።

ማንገቻውን ልትፈታ እጇን ስትሰድ ያዝኳት። «አሁን አይደለም። ለአንድ ቀን አውሺኝ፤ እመልስልሻለሁ» አልኳት።

ከዚያ እንደገና ባለወፍጮው ዘንድ ሄድኩ። ስለ ዋጋ ላወራ አልቻልኩም፤ የምሰጠው አልነበረኝም።

«ውጅግራውን ልገዛዎት ነበር የፈለግሁት» አልኳቸው። «አቅም የለኝም። ያውሱኝና ላልቅስበት።»

ሐጂ ተረጎሙላቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መሣሪያ ከዚህ ቤት አይወጣም። ፖሊስ ካየው የእናንተንም ቤት የኔንም ቤት ያፈርሳል።»

ተነሣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝ።

«አንተ! ልቅሶው ስንት ሰው ነው?»

«የቀረነው ጥቂት ነን።»

«ጁምዓ ወፍጮው አይሠራም። ጁምዓ እዚህ ኑ።»

አርብ ዕለት ሐጂ በአህያ ጋሪ አያን አመጡልን። የአገሬ ሰዎች ወፍጮ ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ባዶ ከረጢት ላይ ተቀመጡ። ባለወፍጮው ጠመንጃውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡና ለአያ ሰጡ። ችንካሩ ቦታው ተመልሷል፤ እኔ ማንገቻውን በነበረበት ቀለበት አስገባሁት። ያኔ ነው መሣሪያው ፊቱ የተመለሰለት። አያ አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቀዘቁት፤ ክንዳቸው አልቻለም፤ እኔ ከሰደፉ በኩል ደገፍኩላቸው። ሴት የባሏን ጠመንጃ እንዲህ አትይዝም፤ ያን ቀን ግን ማንም ምንም አላለኝም። ያቺ ውኃ ወረፋ ላይ የተናገረችኝ ሴት ብድግ አለችና አወረደች፤

«ውጅግራው እህል ሆኖ ባህያ ተጫነ፣
እሷ ወዲህ ስትመጣ እሱ ወዲያ ሆነ።»

ያን ጊዜ ጮህኩ። ምን ያህል እንደጮህኩ አላውቅም። አያ ጮሁ፤ ሲጮሁ ድምፃቸው የወጣት ድምፅ ነበር። ባለወፍጮው ግድግዳው ጥግ ቆመው ጠመንጃው እንዳይወድቅ እጃቸውን ዘርግተው ይከተሉን ነበር፤ ለመሣሪያው ይሁን ለእኛ አላውቅም።

ሲያልቅ ማንገቻውን ፈታሁ። ባለወፍጮው ጠመንጃውን ተቀብለው ላባችንን ከላዩ በጨርቅ ጠረጉ። ከዚያ ከኪሳቸው አንድ አዲስ ብሎን አወጡ።

«ከካርቱም መጣ። እውነተኛው ነው። የድሮውን አንተ ትወስዳለህ?» አሉኝ።

ልውሰደው ብዬ እጄን ዘርግቼ ነበር። መልሼ አጠፍኩት።

«ካወጡት ጠመንጃውን ማንም አያውቀውም» አልኳቸው። «እኔም አላውቀውም። ይተዉት።»

አዲሱን ብሎን እያገላበጡ ቆዩና መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ጠመንጃውንም ወስደው ሰቀሉት።

ማንገቻውን ያንኑ ዕለት ለሴትዮዋ መለስኩ። ሕፃኑን ጀርባዋ ላይ አድርጌ እኔው አሠርኩላት፤ ተኝቶ ነበር፤ ክብደት የለውም። ጥቁር ነጠላ ሐጂ ቤት ሴቶች ሰጡኝ።

አያ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ያሰቡትን አድርገዋል፤ የቀራቸው ነገር አልነበረም። ጠዋት ልጄ ልትቀሰቅሳቸው ብትሄድ አልተነሡም። የእሳቸው ጠመንጃ ከረሃቡ በፊት ነው የተዘረፈው፤ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። የሚጮህላቸው አንድ ወንድ እንኳ አልነበረም። እኔ ዱላቸውን አነሣሁና፣ ጫፉን ወደ መሬት ዘቅዝቄ፣ ከጎጆዋ ደጃፍ ቆሜ አለቀስኩላቸው። ልጄ ሌላውን ጫፍ ያዘችልኝ።